ግራሩ ላይ የታሰረው ማማ

ባለፈው ኅዳር ለቅሶ ልደርስ አዳማ ወርጄ፣ ከገበያው ጀርባ አንድ ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አልጋ ሲጠፍር አየሁ። ዛሬ ደግሞ የጠፍር አልጋ ማን ይተኛበታል እል ነበር፤ ለካስ የሚተኛ አለ። ቆዳውን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ጣት በሚያህል ስፋት ተልትሎ፣ እርጥቡን ጠፍር እየጠመጠመ የአልጋውን እንጨት በእግሩ ረግጦ ይጎትታል። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። የራሰው ቆዳ ሽታ መንገደኛውን ሁሉ አፍንጫ ያስይዛል። አብራኝ የነበረችው የልጅ ልጄ በነጠላዋ ተሸፍና «እማማ፣ ኧረ በማርያም እንሂድ! ይሄ ምኑ ይታያል?» ትለኛለች። እኔ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደከመህ?» አልኩት ሰውየውን። «እርጥቡን እንዲህ አታክርረው። ልክ አድርገህ እሰረውና ለፀሐይ ተውለት፤ ሲደርቅ ራሱ ይከራል።»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «እማማ፣ ጠፋሪ ነበሩ እንዴ?»

ኧረ ወዲያ! ጠፋሪስ አልነበርኩም። ወፍ ጠባቂ ነበርኩ። አንድ መከር ሙሉ ዛፍ ላይ በታሰረ ማማ ኖሬያለሁ፤ የጠፍርን አመል ያወቅኩት ያኔ ነው።

ያኔ ናዝሬት የሚላት ሰው አልነበረም። አዳማ ነበረች፤ እሷም ብትሆን የባቡር ጣቢያ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ የአረብና የግሪክ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ግራር ብቻ። የኛ ቤት ከዚያም ርቆ ወደ ወለንጪቲ በኩል ሜዳው ላይ ነበር። የኛ ማለቴ የኔና የአባባ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ከምንጃር ወርደው እዚያው መሬት ይዘው የቀሩ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ብዙ አይናገሩም፤ ቢናገሩም ለበሬዎቻቸው ነው።

እናቴ አስካለ በዚያ ዓመት ክረምት ሳይገባ አንድ የባቡር ሠራተኛ አግብታ ወደ ድሬዳዋ ሄደች። አባባ ሰውየውን አልወደዱትም። «ብረት ተከትሎ የሚዞር፣ አገሩ የት ይባላል?» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። የሄደች ዕለት ከማለዳ ጀምሮ እርሻ ላይ ዋሉ። ልትሰናበታቸው ሄዳ ማሳው ዳር ብትቆም፣ እርፋቸውን እንደያዙ ቀና ሳይሉ ቀሩ። ከኛ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ ባቡሩ ውሃ ሊሞላ ቆም የሚልባት ማረፊያ ነበረች፤ ተሳፋሪም እዚያው ይወጣል፣ ይወርዳል። እኔን እዚያ ድረስ ወስደው የመለሱኝ ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ ናቸው። እማዬ ባቡሩ ላይ ወጥታ በመስኮት ጎንበስ ብላ ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማሽላው ሲደርስ መጥቼ እወስድሻለሁ። እስከዚያ አባባን እንዳታስቸግሪ፣ እሺ የሺዬ?»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ!

ትልቅ ሰው እንዲህ ሲል ወራቱን መናገሩ ነው፤ ልጅ ግን እንዲያ አይሰማም። እኔ ማሽላው ራሱ የሚያመጣት መሰለኝ። ቶሎ ከደረሰ ቶሎ ትመጣለች፤ ወፍ ከበላው ትቀራለች። በጭንቅላቴ የነበረው ይኼ ነው። ነሐሴ ላይ አገዳው ከወገቤ ሲያልፍ ጧት ጧት እየሄድኩ በቁመቴ እለካው ነበር። «እደግ እንጂ አንተ፣ ምን ያንቀራፍፍሃል?» እያልኩ እቆጣዋለሁ።

ማማ ማለት አራት ባላ ተተክሎ፣ ላዩ ተረብርቦ፣ ሣር የሚጎዘጎዝበት ነው። ልጅ እዚያ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። የዚያ ሜዳ መሬት ግን ምስጥ ነው። አባባ ባላውን ተክለው ብዙም ሳይቆይ ምስጡ ከሥር ቦርቡሮት ኖሮ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ማማው ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ ተኛ። ደግነቱ እኔ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። አባባ የተኛውን ማማ ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ ማሳው መሀል የቆመውን ትልቅ ግራር ቀና ብለው አዩ።

«በቁሙ ያለውን ምስጥ አይደፍረውም። እዚያ ላይ እናስረዋለን» አሉ።

እናስረዋለን ማለት ቀላል ነው። አባባ በወጣትነታቸው ወይፈን ሲያሠለጥኑ ገመዱ ቀኝ እጃቸው ላይ ተጠምጥሞ፣ ጣቶቻቸውን ይዞባቸው ሄዷል። አውራ ጣትና አንድ ትንሽ ጣት ብቻ ናቸው የቀሩላቸው። ዛፍ አይወጡም፤ ቋጠሮም ማክረር አይችሉም። እኔ ደግሞ እጅ እንጂ ጉልበት የለኝም። የቀረን ዘዴ መፈለግ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው በልጥ ነው። አባባ ከማሳው ዳር ካለ ሌላ ግራር ልጥ ልጠው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው ሰጡኝ። እሳቸው ከሥር ቆመው በበትራቸው ይጠቁማሉ፤ ኦቦ ቱሉ አግዳሚዎቹን እንጨቶች ሽቅብ ደግፈው ይይዙልኛል፤ እኔ ከቅርንጫፉ ጋር አስራለሁ።

«ጎትቺው!» ይላሉ አባባ።

«እየጎተትኩ ነው!»

«እህ! የበላሽው የት ሄደ?»

«የበላሁት ንፍሮ ነው!»

ኦቦ ቱሉ ሳቃቸው መጥቶ እንጨቱን ሊለቁብኝ ነበር። «ያ ኢንታላ፣ ያንቺስ ጉልበት ምላስሽ ላይ ነው» አሉኝ። ሴት ልጅን በኦሮምኛ እንዲያ ነው የሚጠሩት፤ ስሜን የጠሩበትን ቀን አላስታውስም።

ያን ዕለት ድንጋይ የመሰለ እስር ነበር። ልጥ ግን አታላይ ነው። ሲርስ ይወፍራል፣ ሲደርቅ ቀጥኖ ቋጠሮው ውስጥ ክፍት ይተዋል። የመስከረም ፀሐይ በወጣ በጥቂት ቀን ወንጭፌን ላዞር ብድግ ስል ማማው በአንድ በኩል ዘመመና እኔም ከነሣሩ ተንሸራተትኩ። ቅርንጫፍ ይዤ ተንጠለጠልኩ። እሾሁ መዳፌን በሳው። ጩኸቴን ሰምተው አባባ እየሮጡ መጡና ከሥሬ ቆሙ።

«ልቀቂው» አሉኝ።

«እወድቃለሁ አባባ!»

«ልቀቂው ነው የምልሽ!»

ለቀቅኩት። ያቺ ግማሽ እጃቸውም ብትሆን ያዘችኝ። መሬት አስቀምጠውኝ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ልጥ ወድቆ ባየሁ ቁጥር እዘል ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ እኔስ ያየሁት ራሱን ልጡን ነው።

ቀጥሎ በዱላ መጠምዘዝ መጣ። አባባ ዱሮ ከምንጃር ጤፍ በአህያ ያመላልሱ ነበር። ጭነት ሲላላ ገመዱ መሀል ዱላ ሰክቶ መጠምዘዝ የመንገደኛ ዘዴ ነው፤ ያንኑ ዛፍ ላይ አወጡት። የቃጫ ገመድ አጥፌ ቅርንጫፉንና እንጨቱን አንድ ላይ አዞርበታለሁ፣ ክንድ የምታህል የወይራ ዱላ መሀሉ እሰካለሁ፣ ከዚያ ዱላዋን እንደ ወፍጮ አዞራታለሁ። በዞረች ቁጥር ገመዱ ይከራል። ጉልበት አትጠይቅም፤ የኔ ቢጤም ትችላታለች። አባባ ከታች ሆነው ጆሯቸውን ያቀናሉ። ገመዱ ሲንጣጣ «ተይ፣ በቃው!» ይላሉ። ከዚያ በላይ ከሄድኩ ይበጠሳል። ከዚያ ዱላዋ ተመልሳ እንዳትሽከረከር ጫፏን ቅርንጫፉ ላይ አስራታለሁ። አንድ ቀን ሳላስር ለቀቅኳትና ዞራ አገጬን አለችኝ፤ ጠባሳው ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ቃጫም ቢሆን አመል አለው። ጤዛ ሲጠጣ ያጥራል፤ ጧት ስወጣ ክርር ብሎ ይጠብቀኛል። ረፋድ ላይ ሲደርቅ ይለግማል፤ ያን ጊዜ እንደገና መጠምዘዝ ነው። የሚያነጋግረኝ ሰው ስላልነበረ ዱላዎቹን አነጋግር ነበር። በተለይ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለችው ክፉ ነበረች። «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሻል? ማን አስቀየመሽ?» እላታለሁ። ታዲያ ትመልስልኛለች? ትንጣጣለች።

ብቻዬን ነበርኩ። ጎሕ ሲቀድ ቆሎና የቅል ውሃ ይዤ እወጣለሁ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እወርዳለሁ። ግሪሳው እንደ ጢስ ከሰማይ ሲወርድ ወንጭፌን አጮኻለሁ፣ ጣሳ እደበድባለሁ፣ እንደ እብድ እጮኻለሁ። ይነሳና ማዶ ያርፋል። ወፏ አንዲት ዛላ በነካች ቁጥር እናቴ አንድ ቀን የምትዘገይ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሌላው ልጅ እየተጫወተ የሚጠብቀውን እኔ እያለቀስኩ እጠብቅ ነበር። ወደ ማምሻው የሌላው ማሳ ልጆች ከየማማቸው ይጠራራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሰዳደባሉ። የእነሱ ማማ ተቀራራቢ ነው፤ የኔ ለብቻው ነው። እኔም እጣራ ነበር። ነፋሱ ከእነሱ ወደ እኔ ስለሚነፍስ የእነሱ ይሰማኛል፣ የኔ አይደርሳቸውም። በኋላ ተውኩት።

እራት ላይ አባባ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«ባቡሩ አለፈ?»

«አለፈ።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከታች።» ከታች ማለት ከድሬዳዋ በኩል ማለት ነው።

«በመንገዱ ሰው አየሽ?»

«አየሁ።»

«እነማንን?»

ግመል ነጂ፣ ውሃ ቀጂ፣ ያየሁትን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ። ምነው እንዲህ መንገደኛ ያጣራሉ ብዬ አስቤ አስቤ፣ አሥራት ሰብሳቢው እንዳይመጣባቸው ፈርተው ነው አልኩ። ልጅ ሆኖ ብልጥ ነኝ ማለት! ስለ እናቴ ግን አንድም ቀን አይጠይቁም። እኔ ሳነሳት ብድግ ብለው ወደ በሬዎቹ ይሄዳሉ። ጠልተዋታል ብዬ ቆረጥኩ። እኔም በዚህ የተነሳ ቂም ያዝኩባቸው።

ጥቅምት ሲገባ ዛላው መቅላት ጀመረ፣ የኔም ልብ አብሮ። ችግሩ ግን ከማማዬ ላይ ማረፊያዋ አትታይም። ከፊት ያለው ቁጥቋጦ ከልሏት የባቡሩን ጢስ ብቻ ነው የማየው። እማዬ መጥታ ቤቱ ጠፍቷት ብትመለስስ? ወይስ ከሩቅ አይታኝ፣ እኔ ሳላያት ብቀርስ? እንቅልፍ አሳጣኝ።

«አባባ፣ ማማውን ከፍ እናድርገው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለምን?»

«ወፎቹ... ከማዶ ሲነሱ አይታዩኝም።»

በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ቀና ብለው ግራሩን አዩ።

«እስከ የት?»

ከላይ ያለውን መንታ ቅርንጫፍ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ከዚያ ላይ ማረፊያው ይታያል?»

ተያዝኩ ብዬ ደነገጥኩ። «እኔ እንጃ» ብዬ አቀረቀርኩ።

በማግስቱ ጧት የሚተኙበትን የበሬ ቁርበት አውጥተው ገንዳ ውስጥ ሲዘፈዝፉት አገኘኋቸው። ላይ ያለው ቅርንጫፍ ቀጭን ነው፣ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ቃጫው ተፋትጎ ያልቃል። ጠፍር ነው የሚችለው። ኦቦ ቱሉ እንጨት ሊያነሱልን መጥተው ገንዳውን ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«አያ ሞገስ፣ ይሄ መኝታህ አይደለም እንዴ?»

«ነበር።»

«ታዲያ በምን ልትተኛ ነው?»

«ድርቆሽ መች ጠፋ?» አሉ አባባ፣ ቢላዋቸውን በድንጋይ እየሳሉ።

ቆዳው ሲርስ የሚያወጣው ሽታ! ቤቱም፣ እጄም፣ ቆሎዬም እሱኑ ሸተተ። አባባ ጫፉን በእግራቸው ረግጠው በደህናዋ እጃቸው እየተለተሉ አቀበሉኝ። «እርጥቡን አታክርሪው» አሉኝ። «ልክ አድርገሽ ብቻ እሰሪ፤ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች።» እኔ የት አምኜ! በልጡ ወድቄያለሁ፤ ደግሞ ልወድቅ? በሁለት እግሬ ግንዱን ረግጬ፣ ጥርሴን ነክሼ አከረርኩት። ኦቦ ቱሉ እንኳ «አሁን ጎበዝ!» አሉኝ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጠፍሩ ሲደርቅ፣ ጧ! የሚል ድምፅ ሰማን። አግዳሚው እንጨት ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር።

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። አባባ ግን የተሰነጠቀውን እንጨት አንስተው አገላብጠው አዩትና «እልኸኛ ናት፣ ልክ እንደ እናቷ» አሉ። የተናገሩት ለኦቦ ቱሉ ነው። በዚያ ሁሉ ወራት እናቴን ሲያነሱ የሰማኋቸው ያኔ ብቻ ነው፤ ስድብ መስሎኝ ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ጠፍሩን በልኩ ካሰርነው በኋላ ደግሞ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። የራሰ ጠፍር እንደ አንጀት ይረዝማል። ማማው እንደገና መወዛወዝ ጀመረ። አባባ ዝናቡ ውስጥ ቆመው፣ ጋቢያቸው ከላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ ብዙ አሰቡ። ከዚያ «ቃጫውን በላዩ ድገሚበት፣ ዱላዎቹንም አምጪ» አሉኝ። ጠፍር ውሃ ሲያገኝ ይላላል፣ ቃጫ ውሃ ሲያገኝ ይከራል። ፀሐይ ሲሆን አንደኛው ይይዛል፣ ዝናብ ሲሆን ሌላኛው። መሀላቸው ክፍት በቀረበት ደረቅ የወይራ ሽብልቅ በድንጋይ መታሁበት። ከዚያ ወዲያ ማማው ነቅነቅ አላለም። ኦቦ ቱሉ ከሥር ሆነው አንዱን እንጨት ይዘው ተንጠለጠሉበት። «ሰው ሁሉ ለወፍ ጎጆ ይሠራል፣ አንተ ቤተ መንግሥት ሠራህ!» አሏቸው። አባባ በዚያ መከር ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው።

ከዚያ ላይ ሁሉም ይታያል። ሀዲዱ፣ ማረፊያዋ፣ ከማረፊያዋ ወደ እኛ የሚመጣው ነጭ መንገድ። ባቡሩ ሲቆም ከሆዱ ሰዎች ነጠብ ነጠብ ሲሉ አያለሁ። ነጠላ የለበሰች ሴት ባየሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዷን እማዬ ናት ብዬ ወፉንም ወንጭፉንም ጥዬ፣ ከዛፉ ወርጄ እሾህ ላይ ሮጥኩ። ስደርስ ጨው ተሸክማ የምታልፍ እንግዳ ሴት ናት። «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ?» ብላ እንዴት አደርሽ አለችኝ። ስመለስ ግሪሳው የማሳውን አንድ ጥግ ጨርሶት ነበር። በቃ፣ አሁን ዘገየች አልኩ። አባባ የተበላውን ዛላ አይተው አልተቆጡኝም፤ ብቻ «ማን መሰለችሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ።

ማሽላው ደረሰ። ታጨደ። አውድማ ገባ። ኦቦ ቱሉና ወንዶቹ እየዘፈኑ ወቁት። እኔ አውድማው ጥግ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። የወቁት ተበራየ፣ በነፋስ ተዘራ፣ ጎተራ ገባ፤ እማዬ የለችም። ምናልባት የኛ ማሽላ ገና ሳይደርስ ተሳስተው አጭደውት ይሆናል አልኩ።

«አባባ፣ ማሽላው ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

«ምን ማለትሽ ነው? ጎተራ ገብቶ!»

«ደርሷል?»

አሁን ገባቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ተለወጠ። «ደርሷል» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

በኛ አገር እህል ከገባ በኋላ ማማ አያድርም። ይፈርሳል፤ እንጨቱ ለማገዶ፣ ገመዱ ለከርሞ። የሁሉም ማሳ ማማ ፈርሶ ሜዳው ባዶውን ቀረ። የኛ ብቻ ግራሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ እንኳ አላየውም አልኩ። ተናድጄ ነበር። ያን ያህል ጠብቄ፣ ያን ያህል ጮኼ!

«ይፍረስ» አልኳቸው አባባን። «ምንም የሚጠበቅ የለም። አልመጣችም። አትመጣም!» ከዚያ ያ ሁሉ ወር የያዝኩት ለቅሶ ወጣ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አባባ ሊያባብሉኝ አያውቁበትም፤ ራሴ ላይ ያቺን ግማሽ እጃቸውን አሳረፉ።

«ይቆይ» አሉ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ይቆይ አልኩ።»

ኦቦ ቱሉም በዚያው ሲያልፉ «አያ ሞገስ፣ ምነው ማማው? ገለባ ልትጠብቅ ነው?» ብለው ቀለዱ። አባባ ሽብልቁ ላልቶ እንደሆነ በበትራቸው ጫፍ እየነካኩ ነበር።

ባቡር ከታች የሚመጣበት ቀን ደረሰ። እኔ ማማውን እርም ብዬ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጬ አገዳ አኝካለሁ። ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ ጆሮዬን ያዝኩ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ማለቱን ልብ አልኩ። አባባን ብጠራ የሉም። በሬዎቹ ጋ የሉም። አውድማው ላይ የሉም። ወደ ማሳው ሳይ፣ ባዶው ማሳ መሀል፣ ግራሩ ላይ፣ ማማው ላይ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ተቀምጧል።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ግንዱን እንዴት አድርገው እንደወጡት እግዜር ይወቀው። ክንዳቸው በእሾህ ተቧጥሮ ይደማል። ያቺን ግማሽ እጃቸውን ጠፍሩ ውስጥ ሰክተው፣ በደህናዋ ግንባራቸውን ከልለው ወደ ሀዲዱ ያያሉ።

«አባባ! ሊወድቁ ነው እኮ! ምን ሆነዋል?»

«ነይ፣ ውጪ» አሉኝ። ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ዓይኔ አልደርስልኝ አለ። መንገዱ በየት በኩል ነው?»

አሳየኋቸው።

«እንግዲያው አንቺ እይልኝ። ነጭ የለበሰች... ስትሄድ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ልጅ ሆና ከበቅሎ ጥያት ነው። እኔ ነኝ የጣልኳት፤ አብሬያት እወርዳለሁ ስል።»

«ማን?»

ዞር ብለው፣ እንደ ሞኝ አዩኝ። «አስካለ ናታ! ልጄ።»

እናቴ እግሯን እንደምትጎትት አውቃለሁ። ከበቅሎ መውደቋን ግን አላውቅም ነበር። ልጅ እንደነበረች፣ ይዟት የሚሄድ አባት እንደነበራት፣ ያ አባት ደግሞ ይሄ ሰውዬ መሆኑን በአፍ እንጂ በልቤ አላውቀውም ነበር። የኔ እናት እንጂ የማንም ልጅ አልነበረችም ለኔ። ያ የማታ ጥያቄ፣ ያ የተተለተለው መኝታ፣ ያ ሁሉ ጠፍርና ሽብልቅ ለወፍ አልነበረም፤ ለኔም ብቻ አልነበረም። እኔ ብቻዬን የምጠብቅ መስሎኝ በዚያ ዛፍ ላይ ስቃጠል፣ እሳቸው ከሥሬ ሆነው ከኔ የባሰ ብቻቸውን ይጠብቁ ነበር። ክንዳቸውን ያዝኩ።

ባቡሩ ቆመ። ውሃውን ሞላ። ፉጨቱን ለቀቀና ወደ አዳማ ሄደ። ጢሱ ከግራሮቹ በላይ ተነሳ። አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

«አየሽ?» አሉኝ።

መንገዱ ከማረፊያዋ እስከ ማሳችን ድረስ ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። ማንም አልነበረበትም።

«ገና ነው አባባ» አልኳቸው። «ጢሱ ከልሎኛል። ትንሽ እንቆይ።»